ከኋላዬ ያለው ጠረጴዛ

ያን ሰሞን ከፌርፋክስ፣ ከሐበሻው ሰፈራችን ልለቅ ቆርጬ ነበር። ልጄ ሳምሶን ራቅ ብሎ ቶራንስ ካለው ቤቱ አንዱን ክፍል አስለቅቆ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ አልጋ አስገብቶ ይጠብቀኛል። እኔም እሺ ብዬው ሳህኖቼን በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ካርቶን ውስጥ መክተት ጀምሬአለሁ። የጠየቀኝን ሰው ሁሉ «ጉልበቴ ነው፤ ደረጃው ከበደኝ» እለዋለሁ። ጉልበቴስ መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል። እውነቱ ሌላ ነበር። ጓደኞቼ ትተውኛል ብዬ ነው የምሄደው።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ጠረጴዛችን ልንገራችሁ።

እኛ የቅዳሜ ሰዎች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፌርፋክስ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ ወደ ኩሽናው በር ጠጋ ብሎ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። የማያውቅ ፈረንጅ ድንገት ከተቀመጠበት አስተናጋጇ ራሷ እንደ ሰረቀ ሰው ታየዋለች። ብርቄ አለች፤ እዚያው መንገድ ላይ የቅመምና የአገር ልብስ ሱቅ ያላት። ለሷ ሱቅ መዝጋት ማለት በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ እኛ ጋ መምጣት ነው። ጋሽ መኰንን አሉ፤ ተማሪ ሆነው መጥተው፣ አካውንታንት ሆነው፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ዓለምን ሁሉ የሚተነትኑ። ሌሎችም ወጣ ገባ የሚሉ አሉ። እኔና ባለቤቴ ይልማ ደግሞ ከግድግዳው በኩል፣ ጎን ለጎን።

ይልማ ታክሲ ነጂ ነበር። ኤርፖርት ሲመላለስ ኖረ። እኔ የሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ ከምድር በታች፣ ትልልቆቹ ማሽኖች ጋ። አንሶላ ይገባል፣ አንሶላ ይወጣል። ከኔ ጋር የሚሠሩት አንዷ ከሜክሲኮ፣ አንዷ ከፊሊፒንስ ናቸው። ቋንቋ አንጋራም፤ ብንጋራም ማሽኑ አያሰማም። አፍ አፋችንን እየተያየን፣ በቅንድብ፣ በእጅ እንግባባለን። ስንቱን ሐሜት እንደዚያ ጨርሰናል መሰላችሁ! ማታ ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ አንዲት ንብ ትቀራለች። ጠዋት ትሄዳለች ብዬ እተኛለሁ። የሆነ ዘመን ላይ መሄዷን ተወች፤ እኔም ለመድኳት፤ ረሳኋት።

ይልማ ቤት ውስጥ እንቅልፉ ቀላል ነው። የቧንቧ ውኃ ጠብ ጠብ ካለ ከአልጋው ተነስቶ ሄዶ ሳያጠብቀው አይተኛም። ጠረጴዛችን ላይ ሲቀመጥ ግን ጆሮው ደከመ። መቼ እንደጀመረው እንጃ፤ እያደር የባሰበት ይመስላል።

«ምን አልሽ ብርቄ? ልጅሽ ሥራ ቀየረ?» ይላል፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው በሚሰማው ድምፅ።

«ቀየረ ነው የምልህ! ጮክ በሉለት እናንተ፤ ይልማ ጆሮው ደክሟል!» ትላለች ብርቄ።

እሷ ትጮኻለች፣ ጋሽ መኰንን ይጮኻሉ፣ ሁሉም ይጮኻል። ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ ያየናል። እኔ አፍራለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ኦሎምፒክ ጎዳና ጋ የትራፊክ መብራት ስንጠብቅ፣ «ምናለ ሐኪም ጋ ብትሄድ ይልማ? ሰው እኮ አሳቅህብን» እለዋለሁ።

«ምን አልሽ?» ይለኛል፤ ዓይኑ እየሳቀ።

ይልማዬ አረፈ። ሐዘኑ ሲያልፍ ጓደኞቼ ጎትተው መለሱኝ። ጠረጴዛው ያው ነው፣ ሻዩ ያው ነው፣ ሰዎቹ ያው ናቸው። ነገር ግን ወሬው ከኔ ራቀ። ብርቄ ወደ ጋሽ መኰንን ጠጋ ብላ ታወራለች፤ እሳቸው በዝግታ ይመልሳሉ። ይስቃሉ። እነሱ ሲስቁ አይቼ እኔም እስቃለሁ፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አላውቅም። የሚንሾካሾኩብኝ መሰለኝ። ባሌ እያለ ሰው ነበርኩ፤ አሁን ባዶ ወንበር ሆንኩ አልኩ በሆዴ። እንዲህ ያለ ሐሳብ አንዴ ከገባ መውጫውን አያውቅም።

በመጨረሻው ቅዳሜ ብርቄ ዓይን ዓይኔን እያየች አንድ ነገር አለችኝ። ቤቱ ሞልቷል፤ ሳህኑም ሰውም ይንጫጫል። ሻይ ይጨመርልሽ ያለችኝ መሰለኝና ፈገግ ብዬ፣ እንደምናደርገው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ» አልኳት። ፊቷ ጥቁር አለ። ዞር ብላ ሌላ ሰው ማዋራት ጀመረች። ሻይም አልመጣ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ሳምሶን ጋ ደውዬም «ና ውሰደኝ» አልኩት።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው የልጅ ልጄ ሜላት የደወለችው።

ሜላት እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ዌስትውድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስለ ጆሮ ትማራለች። «የጆሮ ሐኪም ልትሆኚ ነው?» ስላት «ዶክተር አይደለም እማማ፤ ሪሰርች ነው» ትለኛለች። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን እንዴት እንደሚሰማ ነው የምታጠናው። ለጥናቷ አማርኛ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ማግኘት ቸግሯታል።

«ቶራንስ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ፤ ፕሊስ» አለችኝ።

በማግስቱ በመኪናዋ ወሰደችኝ።

«ሶ እማማ፣ ምንም አያምም። ጀስት እንደ መነጽር ያለ ነገር ታደርጊያለሽ፤ ከዚያ ሬስቶራንት ውስጥ ትገቢያለሽ።»

«ሬስቶራንትማ ሰፈሬ ሞልቷል። ዌስትውድ ድረስ ምን አመላለሰኝ?»

«ይሄኛው ቨርቹዋል ነው። የውሸት።»

«ምግቡም የውሸት ነው?»

«ምግብ የለውም።»

«ምግብ የለውም፤ ጫጫታ ብቻ?»

«ኤግዛክትሊ!» አለች፤ ደስ ብሏት። መቀለዴ አልገባትም።

ያስገባችኝ ክፍል ትንሽ ነው። ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ ለብሷል። ስናገር ድምፄ ከአፌ ወጥቶ እዚያው ይሞታል። የሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ሻሼን ላላ አድርጋ ያንን ከባድ መነጽር ዓይኔ ላይ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ገጠመችልኝና ወጥታ በሩን ዘጋች። ክፍሉ ጠፋ። ጠረጴዛዎች አየሁ፤ መብራት፤ አሻንጉሊት የመሰሉ ሰዎች። ፊት ለፊቴ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አስተናጋጅ ቆሟል። እጄን ሰድጄ ጠረጴዛውን ልነካው ብል አየር ጨበጥኩ።

«እማማ፣ ሬዲ ነሽ?» ይላል የሜላት ድምፅ በማዳመጫው።

ትንፋሼን ሳብ አድርጌ መለስኩላት።

«እማማ? ትሰሚኛለሽ?»

ደግሜ ሳብ አደረግሁ።

በሩ ተከፈተ። «ለምንድነው የማትመልሺልኝ?»

«መለስኩ እኮ! ሁለቴ!»

ሳቋ መጣ። «ኦ ማይ ጋድ፣ በትንፋሽ ነው! እማማ፣ ማይኩ ትንፋሽ አይወስድም። ጫጫታ ነው ብሎ ያጠፋዋል። "አዎ" ማለት አለብሽ።»

ዕድሜ ልኬን ለሰው ስመልስ የኖርኩት መልስ እዚያ ቤት ጫጫታ ሆነ። እሺ፣ አዎ አልኳት።

አስተናጋጁ መናገር ጀመረ። እሱ የሚለውን እኔ መድገም ነው። «ነገ ዝናብ ይዘንባል» ይላል፤ እደግማለሁ። «እህቴ ሰማያዊ ቀሚስ ገዛች» ይላል፤ እደግማለሁ። ጎበዝ ተማሪ ሳልሆን አልቀርም ብዬ ኮራሁ። ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረኝ ይልማ ነው፤ ከሥራ ስንመለስ ኩሽና ውስጥ የድሮ ጋዜጣ ዘርግቶ። ያኔም እንዲሁ ነበር፤ እሱ ይላል፣ እኔ እደግማለሁ።

ከዚያ ጫጫታው መጣ።

መጀመሪያ በቀስታ፤ እንደ ሩቅ ወንዝ። ቀጥሎ ማንኪያው፣ ሳህኑ፣ ሳቁ፣ የወንበር መጎተቱ። አስተናጋጁ ይናገራል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ግን ከንፈሩ አማርኛ አይልም። እንደ ዓሣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ላውንድሪ ውስጥ ከንፈር ሳነብ የኖርኩ ሰው እንዲህ ያለ ውሸታም ከንፈር አይቼ አላውቅም።

«አልሰማሁም» አልኩ። ቀጠለ። «አልሰማሁም።» ቀጠለ። በግምት መመለስ ጀመርኩ፤ «ልጁ... በላ? ልጁ ሄደ?»

«ኢትስ ኦኬ እማማ፤ የሰማሽውን ብቻ በይ።»

ምንም አልሰማሁም ማለት አፍሬ ዝም ባልኩበት ሰዓት፣ ከኋላዬ፣ ከግራ ትከሻዬ በኩል፣ በዚያ ሁሉ ሁካታ መሃል አንድ ድምፅ ወጣ።

«ምን አልሽ ብርቄ?»



ወንበሩን አሽከረከርኩት። ከኋላዬ ባዶ ጠረጴዛ ነው፤ አበባ ብቻ ተቀምጦበታል። ድምፁ ግን ከዚያው ከባዶው ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ሰው የለም፤ ድምፁ አለ። «ትልቁ ልጅሽ...» አለ ይልማ። ይልማ! ያ ጉሮሮው ላይ ትንሽ የሚሻክረው ድምፁ፣ ትናንት ከኤርፖርት እንደገባ ሰው።

«እማማ፣ ወደ ፊት ዙሪ። አስተናጋጁን ነው የምታዳምጪው።»

«ዝም በይ!» አልኳት።

ሜላትን እንዲህ ተናግሬአት አላውቅም። ደነገጠች መሰለኝ ድምፁን በሙሉ አጠፋችው። ጸጥታው ከምንም በላይ አስፈራኝ። «መልሺው! መልሺው አልኩሽ! አባባሽ ነው!» እያልኩ ያንን መነጽር ልጎትተው ስል ሮጣ ገብታ አወለቀችልኝ። ፊቷን አየሁት፤ ነጭ ሆኗል።

ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጉልበቴን ይዛ ነገረችኝ። የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ሳለች አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛችን ጋ መጥታ ነበር። ብርቱካን የምታክል፣ ዙሪያዋን ትናንሽ ጆሮ ያላት ጥቁር ኳስ መሃላችን አስቀምጣ፣ ሁላችንንም አስፈቅዳ ድምፃችንን ቀዳች። ትዝ አለኝ። ይልማ ወደ ኳሷ ጎንበስ ብሎ «ብርቱካኗ እያዳመጠችን ነው፤ ንግግር አሳምሩ» ብሎ ሁሉን አስቆ ነበር። ሜላት ያንን ቅጂ ከሌሎች ቅጂዎች ጋር ደራርባ ለፈተናዋ ጫጫታ አድርጋዋለች።

«አባባ እንዳለበት አውቃለሁ» አለች፤ እንባዋ እየወረደ። «ግን ሁሉም አንድ ላይ ሲሆን ማንም አይለየውም ብዬ ነው። ለቴስቱ ጀስት ኖይዝ ነው። አይ አም ሶ ሶሪ እማማ።»

«አታልቅሺ። ለኔ ጫጫታው ያ ፊት ለፊት የቆመው ሰውዬ ነው። እሱን አስወጪልኝና ከእነዚያ ጋር አስቀምጪኝ።»

አየችኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እህ» አልኩ። የዚህን ጊዜ ገባት።

ቅጂውን እስክታዘጋጅ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። ውኃ ሰጡኝ፤ አልጠጣሁም። ስትመለስ በወረቀት ሳይሆን በእጇ እየሣለች አስረዳችኝ። ጆሮዬ ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭን ቀጭኑን፣ ቃልን ከቃል የሚለየውን ከጣለው ቆይቷል። አሁን የጎደለኝን ያህል ጨምራ ልታሰማኝ ነው። «ብዙ ጎድሏል?» አልኳት። «በጣም ቆይቷል እማማ» አለች፤ ከዚህ በላይ ልትል አልደፈረችም። እኔም ያኔ አላመንኳትም። እርጅና ነው፤ ካቻምና የመጣ ነው አልኩ።

መነጽሩ ተመለሰ። አሁን አስተናጋጅ የለም። ባዶ ረጅም ጠረጴዛ ብቻ፤ እኔ መሃሉ ላይ፣ ብርቱካኗ በነበረችበት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወይ ጉድ! ስኳር ሻይ ውስጥ ሲማሰል ሰማሁ። የብርቄ አምባር ከጠረጴዛው ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። በቀኝ በኩል ይልማ ሲያኝክ ሳይቀር። አጠገቡ ደግሞ አንዲት ሴት አለች፤ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ማን ናት ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። እኔ ነኝ።

ብርቄ በቀስታ፣ አፏን በሻይ ኩባያ እንደጋረደች፣ «ትልቁ ልጄ እኮ ቤቱን ሸጠ» አለች።

ከእኔ ምንም የለም።

«ምን አልሽ ብርቄ?» አለ ይልማ። «ትልቁ ልጅሽ ቤቱን ሸጠ?»

«እሰይ! የት ሊገባ ነው?» አለች ያቺ እኔ።

ጋሽ መኰንን ጎንበስ ብለው ስለ ጎረቤታቸው ውሻ አንድ ቀልድ ተናገሩ። ሁሉም ሳቀ። የኔ ሳቅ የለም። «ምን አልክ መኰንን? ውሻው ላንተ ነው የሚታዘዘው?» አለ ይልማ፤ እየጮኸ። ሳቁ ካለቀ በኋላ፣ ብቻውን፣ አንድ ሳቅ መጣ። የኔ ሳቅ።

ወንበሩን አጥብቄ ያዝኩ።

እንደገና። እንደገና። ብርቄ ትናገራለች፤ ጸጥ፤ ይልማ «ምን አልሽ?» ብሎ ይደግማል፤ ከዚያ እኔ እናገራለሁ። አስተናጋጇ መጥታ ከጀርባችን በሹክሹክታ «ሳምቡሳው አልቋል» አለች፤ ይልማ «ምን አልሽ የኔ ልጅ? ሳምቡሳው አልቋል?» አለ። አንዲት ቃል አላዛነፈም። ከጀርባው የተባለውን፣ አፍ ተሸፍኖ የተባለውን፣ በሳቅ መሃል የተባለውን፣ ሁሉን ልክ እንደተባለው ደገመው። ጆሮው የደከመ ሰው ይስታል፤ ይገምታል፤ እኔ እዚያ አስተናጋጅ ፊት እንደቀባጠርኩት ይቀባጥራል። የኔ ይልማ አልቀባጠረም።

ከዚያ ወንበር ሲገፋ ተሰማ፤ ይልማ እጁን ሊታጠብ ተነሳ መሰለኝ። ብርቄ «አስካለ፣ ሳምሶን እንዴት ነው?» አለች። የኔ ድምፅ «አዎ አዎ፣ ይጣፍጣል» አለ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የይልማ ኮቴ በፍጥነት፤ ወንበሩም ሳይረጋ፤ «ምን አላችኋት? ሳምሶን ነው? ደህና ነው! ተናገሪ እንጂ አስካለ፣ ትናንት አይደል የደወለው?»

የውኃ ጠብታ ሰምቶ ከእንቅልፉ የሚነሳ ሰው! ይህንን ሁሉ ዘመን አጠገቤ ተኝቶ ሲሰማ የኖረ ሰው! ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ብቻ ጆሮው የሚደክመው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አለማሰቤ!

መነጽሩን ሜላት ስታወልቅልኝ ውስጡ በእንባ ርሷል። ይበላሽባታል ብዬ በነጠላዬ ልጠርገው ስሞክር እጄን ያዘችኝ።

«ሜላቴ፣ የአባባሽን ጆሮ መርምረሽው ታውቂያለሽ?»

ወለሉን አየች። «አንዴ። ልምምድ ስጀምር ራሱ ቁጭ አለልኝ።»

«እና?»

«ፐርፌክት ነበር። ለዕድሜው ይገርማል። "ለአያትሽ እንዳትነግሪ፤ እኔ ሳላረጅ እሷ ብቻ ያረጀች ይመስላታል" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር እማማ።»

ቀልድ መስሏት ነበር። ሁላችንም ቀልድ መስሎን ነበር።

ስንመለስ ክሬንሾው ሰፈር ያለች ጓደኛዋ ጋ አንድ ዕቃ ልታደርስ ስለነበር ዞረን ነው የመጣነው፤ ደስ አለኝ፤ መንገዱ እንዲረዝም ፈልጌ ነበር። ቤት ደርሰን ልትወርድልኝ ስትል፣ «የአባባን ድምፅ ብቻ ለይቼ፣ ክሊን አድርጌ ልስጥሽ?» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኳት። «ይልማ ብቻውን ምን ይላል? ከነጫጫታው ስጪኝ።»

ቅዳሜ ሲደርስ ጠረጴዛው ጋ ሄድኩ። ብርቄ ስታየኝ ፊቷን አዞረች። እንደተቆጣች ያስታውቃል። ቁጭ አልኩና፣ «አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ጆሮው የደከመው ይልማ አልነበረም። እኔ ነኝ» አልኩ።

ብርቄ አንድ ነገር አለች። አልሰማኋትም፤ እናም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ ሰው ፊት፣ ፈገግ ሳልል፣ «አልሰማሁሽም» አልኳት።

«ይልማስ ነው የምልሽ!» ብላ ጮኸች።

ነገርኳቸው። ብርቱካኗን፣ የውሸቱን ሬስቶራንት፣ ሳምቡሳውን ሁሉ። ጋሽ መኰንን መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። ብርቄ ግን መሳቅ ጀመረች፤ ስትስቅ ደግሞ እንባዋ ይወርዳል።

«ይሄ ተንኮለኛ! "ብርቄ ጮክ በይልኝ፣ ምንም አይሰማኝም" እያለ ስንት ዘመን ጉሮሮዬን አደረቀው! ሲሞት እኮ "እንግዲህ ማን ላይ እንጮኻለን" ብለን አለቀስን። በዚያ ላይ አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፤ ጫጫታ አናብዛባት ብለን ድምፃችንን ዝቅ አደረግን።»

«እኔ ደግሞ ተንሾካሾካችሁብኝ አልኩ።»

«ባለፈው ቅዳሜስ?» አለች፤ አሁንም ትንሽ እንደተቀየመች። «"እውነት ትተሽን ልትሄጂ ነው?" ስልሽ እየሳቅሽ "እህ" አላልሽኝም?»

«ሻይ የምትጨምሪልኝ መስሎኝ ነዋ!»

ያን ቀን የተሳቀውን ሳቅ ይልማ በኖረና በሰማው።

ሳምሶን ካርቶኖቹን ሊጭን ሲመጣ ሳህኖቼን እየፈታሁ አገኘኝ። «ክፍሉስ እማዬ? ቀለሙስ?» አለ። እንግዳ ሲመጣ ይሆንሃል አልኩት። ሜላት ይዛኝ ሄዳ ጆሮዬ ላይ ሁለት ትናንሽ የመስሚያ ነገሮች አሰካችልኝ። የመጀመሪያውን ቀን የገዛ ጫማዬ ኮቴ አስደነገጠኝ። ፌርፋክስ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ወፎች አሉ፤ ታውቁ ኖሯል? እኔ ዝም ብለው የሚቀመጡ ይመስለኝ ነበር።

እናንተ ይህንን የምታነቡ፣ ከዚህ ነገር በኋላ እኔ ሰው ሲያወራ አፉን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ሰው ማየት ለመድኩ። ሰው ሁሉ ስቆ ሲጨርስ የሚስቅ ሰው አለ። ያልተጠየቀውን የሚመልስ አለ። ፈገግታው የማይጠፋ፣ ቶሎ ደከመኝ ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ አለ። ቤታችሁም ይኖራል፤ የበዓል ቀን ከዳር የተቀመጠ። ኮራብን፣ ረሳን አትበሉት። እሱም በበኩሉ ረስታችሁኛል እያለ ይሆናል። አንዳንዴ ማታ ሳይሆን ቀን፣ ቤቱ ብሩህ ሲሆን፣ ያንን ቅጂ እከፍተዋለሁ። ይልማን ይቅርታ አልጠይቀውም፤ አይወድማ። ዝም ብዬ አብሬው እቀመጣለሁ፤ አሁን እሱ ሳይደግምልኝ እሰማለሁ፤ እሱ ግን አሁንም ይደግምልኛል።

አንድ ምስጢር ጨምሬ ላብቃ። ብርቄ ረጅም ጽሑፍ አትወድም፤ እዚህ አትደርስም ብዬ ነው የምጽፈው። ጋሽ መኰንንም ከደረሱ ዝም ይበሉልኝ። ከጠረጴዛችን ሰዎች መካከል አንድ ሰው አለ፤ ስሙን አልናገርም። ሰሞኑን ሳቁ ከሁሉ ኋላ ይመጣል። አየሁት። ማየት ብቻ ሳይሆን ሰማሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ መኰንን ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ጥርት ብሎ ነው የተሰማኝ፤ ትንፋሻቸው ሳይቀር።

«ምን አሉ ጋሽ መኰንን?» አልኩ፤ ምግብ ቤቱ በሙሉ እስኪዞር ድረስ። «ልጅዎ ስልክ ሲያነሳ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያወራው?»

ያ ሰው ከሁሉ ጋር እኩል ሳቀ።

ብርቄ ጆሮዋን ይዛ፣ «ኧረ አስካለ! አደነቆርሽን እኮ! ያ የሰኩልሽ ነገር አይሠራም እንዴ?» አለች።

«ምን አልሽ?» አልኳት።